ከሼፉ ሰላምታ

«የዚያች ጋዝ ከፍታ ረስታ ቤቱን ያነደደችው ልጅ አጎት እኮ ናቸው» አለች አንዷ ደንበኛዬ ለጓደኛዋ። ቀስ ብላ የተናገረች መስሏታል። እኔ እስፒሌን በከንፈሬ ይዤ፣ የጓደኛዋን ቀሚስ ጫፍ ልለካ ተንበርክኬ ነበር፤ የተንበረከከ ሰው ጆሮ የሌለው ይመስላቸዋል መሰለኝ። ጓደኛዋ ደግሞ «ውይ! ራሷን ጨርሳ ሰውም ልትጨርስ!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እኔስ ለምጄዋለሁ፤ ሦስት ወር ሙሉ ደብረ ብርሃን ላይ ያልሰማሁት የለም። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ብትን ጨርቅ በምደረድርባት ጓዳ፣ እህቴ አመተ ማርያም ተቀምጣ ነበር። የልጅቷ እናት። በማለዳው ሚኒባስ ከጎረቤላ ገብታ ነጠላዋን እንዳጣፋች ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስኪሆን ትጠብቃለች። ከእኛ እስከ መጋረጃው ሁለት ክንድ አይሆንም። ሴቶቹ ከፍለው እስኪወጡ ድረስ ከወዲያ በኩል ትንፋሽ እንኳ አልሰማሁም።

እኔ ብሆን ሁለቱንም በመቀስ ነበር የማባርራቸው እያልኩ ለሰው እፎክራለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁለት መቶ ሃምሳ ብሬን ተቀብዬ፣ «ማክሰኞ ይደርሳል እህቶቼ» ብዬ፣ ምርቃት ጨምሬ ነው የሸኘኋቸው። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥኩ። እህቴ አንድ ጣቃ ጥቁር ጨርቅ ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ትዳስሰዋለች። «ሜትሩ ስንት ገባ?» አለችኝ። «ሦስት መቶ ሰማንያ» አልኳት። «አቤት!» አለችና ወደ ቦታው መለሰችው። የለበሰችውን ጥቁር ቀሚስ በሐምሌ የሰፋሁላት እኔ ነኝ፤ በሦስት ወር ትከሻው ላይ ሰፍቷታል። ላጥብብልሽ ልላት አሰብኩና ተውኩት። ኪራይ መጨመሩን ነገርኳት፤ የገብስ ዋጋ ነገረችኝ። ከዚያ ወሬ አለቀብን። ወንድምና እህት ወሬ ሲያልቅባቸው እንዴት ያለ ነገር ነው! ቆይታ ቆይታ «ሰማሃቸው አይደል ወንድምጋሼ?» አለች። «ሰማሁ» አልኳት። «እንግዲህ የመጣሁት ለዚህ ነው» አለች።

ማን ያውራ የነበረ ይባል የለ፣ ላውራው። ሮዳስን እዚያ ቤት ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ። በከተማው መውጫ ካለው አዲስ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጣሊያን ምግብ ቤት አለ፤ ሰው ባጭሩ «ጣሊያን ቤት» ይለዋል እንጂ ባለቤቱ የመዘዞ ሰው ነው፣ አባቱ በግ ነጋዴ ነበሩ፣ ኃይለኢየሱስ ይባላል። እዚያ ቤት ምግብ አይመረጥም። ቁጭ ስትል ዘጠኝ ዓይነት ነገር በየተራ ያመጡልሃል፤ አንዷም ጉርሻ አትሞላም፤ ስድስት ሺህ ብር ከፍለህ ትወጣለህ። ከአዲስ አበባ ድረስ ለዚህ ብለው መኪና የሚነዱ አሉ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ! የሠራተኞቹን ጥቁር ሽርጥ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ፣ በዚያ መግቢያ «የእህቴ ልጅ አለች» አልኩት። ዓመት ከሁለት ወር ሊጣቸውን አቦካች። በሐምሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከኋላ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ሳለች የጋዝ ሲሊንደሩ አፈተለከና ተያያዘ። ዕቃ ቤቱ እሳቱ ያልያዘው፣ ወደ ውጭ ደረጃ የሚያወጣ በር አለው። በሩ ግን በቁልፍ ተከርችሞ ነበር፤ አይብ ይሰረቃል ተብሎ። ማን እንዳስቆለፈው የማያውቅ ሠራተኛ የለም። የሚናገርም የለም፤ የእንጀራ ነገር ነው። ኃይለኢየሱስ ለፖሊስም ለሰውም የሰጠው ቃል፣ «ጋዙን ከፍታ የረሳችው ልጅቷ ናት፣ በሩን የቆለፈው ዘበኛው በገዛ ፈቃዱ ነው» የሚል ነው። ዘበኛው አገሩ ገብቶ ጠፋ። ወሬው ግን የትም አልጠፋም፤ ይኸው ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ሁሉ ታወራዋለች።

አሁን የኃይለኢየሱስ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሰኞ ነው። የሟች ቤተሰብ የፈረመበት የእርቅ ወረቀት ይዞ መቅረብ ፈለገና ሽማግሌ ላከ። እህቴ ካሳ አልጠየቀችም። «በሩን ያስቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ ጥፋት የለባትም ብሎ በሽማግሌ ፊት ይናገር፤ ያን ጊዜ እፈርማለሁ» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። በእኛ አገር ደም የፈሰሰበት ወገን ሳይታረቅ የበዳዩን እህል አይቀምስም። ከቀመሰ ታረቀ ማለት ነው፣ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሁን ሲሉ «አይሆንም፣ ልጄ በሞተችበት ቤት ይበለው» ያለችው ራሷ ናት። ቀኑን አርብ ያደረገችውም እሷ ናት፤ ጾም ስለሆነ ምግብ አይቀርብም፣ ሳንቀምስ ተነጋግረን እንወጣለን ብላ። ብልህ ናት እህቴ። ሰውዬው ደግሞ በለጣት፤ ቀጠሮውን ከጾሙ መፍቻ በኋላ አደረገው፣ ዘጠኙንም ምግብ የጾም አሠራው። ሱቄን ስቆልፍ ክንዴን ያዘችኝ። «ወንድምጋሼ፣ ውሃም ቢሆን» አለችኝ። «አንቺ ትሙቺ!» ብዬ ማልኩላት።

ሕንጻው በር ላይ መምሬ ወልደአረጋይ ቆመው ጠበቁን። የእህቴ የነፍስ አባት ናቸው፣ ከአንኮበር ድረስ ለዚህ ብለው የመጡ። የጥቅምት ንፋስ ጋቢያቸውን ያርገበግበዋል። ደረጃውን ስንወጣ በየፎቁ እየቆሙ አረፉ፤ እህቴ ግን አንዴም አልቆመችም። ላይ ስንደርስ ሙቀት ተቀበለን። ጫማዬ ድምፅ እስኪያጣ ድረስ ምንጣፍ ነው። ጠረጴዛዎቹ ነጭ በነጭ፣ ወንበሩ ሰውን የሚውጥ፤ በመስታወት ግድግዳ ወዲያ ምግብ አብሳዮቹ ሲሠሩ ይታያል፣ ሁሉም የእኔን ሽርጥ ታጥቀዋል። በቀኝ በኩል ያለው ግድግዳ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። እህቴ የምታየው እሱን ብቻ ነበር። ኃይለኢየሱስ ተነሥቶ የመምሬን መስቀል ተሳለመ፣ የእህቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል እግሯን ሰበሰበች። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሽ ተክሌ፣ አዲስ አበባ ቅርንጫፍ ልንከፍት ነው፤ መቶ ሃያ ሽርጥ እንፈልጋለን፣ ሰሞኑን እንገናኝ» አለኝ። እኔ ከንቱ «ምን ችግር አለ!» አልኩ። ልክ ለሰርግ የተጠራሁ ይመስል!

ከእሱ ወገን የመጡት ሽማግሌ የእድራቸው ዳኛ አቶ ገብረ ጻድቅ ናቸው፤ ነገር የሚያውቁ፣ አንደበታቸው የተባ ሰው። አምስታችን ተቀመጥን። መምሬ ፊታቸው የተደረደረውን አይተው «ይኼ ሁሉ ሹካ የአንድ ሰው ነው ልጆቼ?» አሉ። እህቴ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ «በሉ አባቴ፣ ይናገር» አለች። ኃይለኢየሱስ «እሺ እናቴ፣ እናገራለሁ፤ ከመንገድ ነው የመጣችሁ፣ ትንሽ አረፍ በሉ» አለ። ይህን ሲል አስተናጋጁ ደረሰ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ነጭ ጓንት አድርጓል። በየፊታችን አንዳንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጠ። ድንጋዩ ላይ ከሽምብራ ዱቄት የተጠበሰች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቂጣ፤ በላይዋ የቲማቲም ጠብታ፣ በጠብታዋ ላይ የበሶብላ ቅጠል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በቃሉ ያጠናውን አነበነበልን፦ «ይህ ከዘጠኙ ምግቦች አይቆጠርም። ከሼፉ ለእንግዶቻችን የቀረበ ሰላምታ ነው። በአንድ ጊዜ ወደ አፍ ይደረጋል።» ብሎ ሄደ። እህቴ ድንጋዩን በጣቷ ጫፍ ገፋችው። መምሬም አልነኩትም።

እኔ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። የነጭ ሽንኩርትና የዘይቱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አንጀቴን ይቧጥጠዋል። «አይቆጠርም» ብሎ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰላምታ ነው አለ፤ ሰላምታ ደግሞ ለደመኛም ይመለሳል። ኃይለኢየሱስ ያየኛል፣ ፈገግ ይላል፣ መቶ ሃያ ሽርጥ። አልነካም ብል ማኩረፍ መሰለኝ። እንዲህ እያልኩ ነገሩን በሆዴ ስፈታና ስቋጥር እጄ ሄዳለች። አፌ ውስጥ ኮሽ አለችና ሟሟች። ለሰው ረኃብ ነው እላለሁ። ለራሴ ግን ረኃብ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ሰው ፊት ትልቅ ሰው መምሰል አምሮኝ ነው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፤ እኔ ደግሞ ቀንድ እንኳ አልደረሰኝም። እህቴ አላየችኝም። ዓይኗ ከዚያ ግድግዳ ላይ አልተነቀለም።

ከዚያ ተናገረች። እህቴ ብዙ የምትናገር ሰው አይደለችም፤ የቄስ ሚስት ሆና፣ ባሏ እስኪያርፉ ድረስ ሃያ ዓመት ያደመጠች ናት። ድምፅዋን አላነሳችም። «አስከሬኗን ከመገነዙ በፊት አሳዩኝ ብዬ ገባሁ» አለች። «ፊቷን አላሳዩኝም፣ እጇን አሳዩኝ። መዳፏ ተልጧል። ሁለቱም። አንዱ ጥፍሯ የለም። አቶ ኃይለኢየሱስ፣ ጋዝ የሚከፈተው በሁለት ጣት ነው። መዳፍ የሚላጠው በር ሲደበደብ ነው። እኔ ይህን ይዤ ነው የማድረው። ከተማው ደግሞ ልጄን ቤት አቃጣይ ይላታል። ዛሬ እንኳ ሰማሁ። ልጄን መልስልኝ አላልኩህም። ብር ስጠኝ አላልኩህም። ስሟን መልስልኝ። ያን በር ማን ነው ያስቆለፈው?» መምሬ መስቀላቸውን ጨብጠው አንገታቸውን ደፉ። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት አብሳዮች እንኳ የሰሙ ይመስል እጃቸው ቆመ። ኃይለኢየሱስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አስመሳይ ነው ያለኝ ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን አጠገቡ ነበርኩ፣ እውነተኛ ልቅሶ ነበር። «እናቴ…» አለ፣ «እናቴ፣ በሩን…»

«ቆይ! ቆይ ልጄ!» አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ፣ እጃቸውን አንሥተው። ከዚያ ጣታቸውን ወደ እኔ ድንጋይ ዘረጉ። ባዶ ነው። የቅጠሏ ግንድ ብቻ ቀርታለች። «አቶ ተክለጊዮርጊስ እህሉን ቀምሰዋል» አሉ፣ የእድር መዝገብ እንደሚያነብ ሰው። «ነገሩ በእህል ተዘግቷል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በደል አይዘረዘርም።»

እህቴ ቀስ ብላ ዞረች። መጀመሪያ ድንጋዩን አየች፣ ከዚያ ከንፈሬን። መምሬ «ተክሌ፣ ቀመስክ?» አሉኝ። ልዋሽ ነበር፣ በአማኑኤል ልዋሽ ነበር፤ ቲማቲሙ ጢሜ ላይ ነበረ። «አባቴ፣ አይቆጠርም አለ እኮ… ሰላምታ ነው ብሎ…» አልኩ። አቶ ገብረ ጻድቅ ወደ መምሬ ዞሩ፤ ሰውዬው የሚናገሩትን ያውቃሉ። «አባቴ፣ ሊቆርብ ያሰበ ሰው ሽምብራ የምታህል ነገር ቢቀምስ ያቆርቡታል?» አሉ። መምሬ ባዶውን ድንጋይ አዩት። ዕድሜ ልካቸውን ቅዳሴ የቆሙ፣ ጥርሱን ሲፍቅ ደም የዋጠን ሰው ከቁርባን የሚመልሱ ካህን ናቸው፤ ትንሽ ነው ማለት አይችሉበትም። «አላቆርበውም» አሉ በመጨረሻ። «ጠብታ ውሃም ይከለክላል።» «እንግዲያስ?» አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ። መምሬ ወደ እህቴ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «አመተ ማርያም ልጄ፣ ወንድምሽ በአባትሽ ቦታ የተቀመጠ ነው። እሱ ከቀመሰ ቀምሳችኋል። ምነው ባልመጣሁ!» አሉ።

ኃይለኢየሱስ እጁን ከፊቱ ላይ አወረደ። መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን አበሰ፣ መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ኮቱን አስተካከለ። «በሩን» ያላትን ቃል አልጨረሳትም። ለመጨረስም አልሞከረም።

እህቴ አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ምነው በሰደበችኝ! ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ እንደገና አጣፋች። ከልጅነታችን ጀምሮ «ወንድምጋሼ» ከማለት በቀር በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «እንግዲህ የቀረውን እርስዎ ይጨርሱት፣ አቶ ተክለጊዮርጊስ» አለችኝና ወደ ደረጃው ሄደች። መምሬ ወንበሩን ይዘው በግድ ተነሡና ተከተሏት። እኔ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ። እግሬ አልታዘዘኝም ልል ነበር፤ ውሸት ነው፣ እግሬ ጤነኛ ነው። ተቀመጥኩ። ከቀመሱ በኋላ ጥሎ መውጣት ደግሞ ሌላ ነውር መሰለኝ፤ ነውር ቆጥሬ አላውቅም፣ ያን ቀን ቆጣሪ ሆንኩ።

ወረቀቱን አቶ ገብረ ጻድቅ ከደረት ኪሳቸው አወጡት። በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፤ ቀድሞ ተዘጋጅቶ የመጣ። «ሟች ሮዳስ በሥራዋ ላይ ባሳየችው የጥንቃቄ ጉድለት የደረሰ አደጋ መሆኑን የሟች ቤተሰቦች አምነን…» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ ሳነበው አቶ ገብረ ጻድቅ እስክሪብቶውን ከፍተው ሰጡኝ። ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እጄ አይንቀጠቀጥም። ወረቀቱን አጥፈው ከኪሳቸው ከተው፣ ማኅበር አለብኝ ብለው ሄዱ። አስተናጋጁ ግን ምን አገባው፣ ዘጠኙን በየተራ ያመጣል። የእንጉዳይ መረቅ በስኒ። አንድ ዘንግ ፓስታ በትልቅ ሰሃን መሐል ተጠምጥሞ። የተጠበሰ ቀይ ሥር በሎሚ። እያንዳንዱን ስም እየጠራ፣ ከየት እንደመጣ እየነገረኝ። የእህቴና የመምሬ ድርሻም እየመጣ በባዶው ወንበር ፊት ይቀመጣል፣ ደግሞ ሳይነካ ይነሣል። እኔ በላሁ። ጣዕሙ እንዴት ነበር የምትሉኝ ከሆነ፣ ይጣፍጥ ነበር። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሰባተኛው ላይ ይመስለኛል ኃይለኢየሱስ ወንበሩን ወደ እኔ ያስጠጋው። ሁለታችን ብቻ ነን። «ጋሽ ተክሌ» አለኝ፣ «ለአንድ ሰው ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው። ቁልፉ ኪሴ ነበር። ሰባት ኪሎ አይብ ጠፍቶ ነው፣ ተናድጄ ራሴ ነኝ የቆለፍኩት። ልጅቷ ስትጮህ እዚህ ቆሜ ነበር። ሰው ቁልፍ! ቁልፍ! ሲል እኔም አብሬ ቁልፍ እላለሁ። ደንግጬ ኪሴ ውስጥ መሆኑ ጠፋኝ። ሲያልቅ ነው እጄን ስሰድ ያገኘሁት።» ብሎ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነበር ፊቱ። ከዚያ ለአስተናጋጁ ስምንተኛውን እንዲያመጣ ምልክት ሰጠው።

ያን ጊዜ ነው እግሬ የተነሣው። ሽርጥ ለብሰው የቆሙትን ገፍቼ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ፣ ውሻው እኔ ነኝ። ከዋናው አስፋልት እስከ መናኸሪያው በእግሬ ሮጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፣ ንፋሱ አቧራ ያነሣል። የጎረቤላው ሚኒባስ ገና አልሞላም። ረዳቱ «ጎረቤላ! ጎረቤላ! ሁለት ሰው!» ይላል። እህቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፣ መምሬ አጠገቧ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። መስታወቱ ክፍት ነበር። እጄን አስገብቼ ጠርዙን ያዝኩ። «አመቴ!» አልኳት፣ ትንፋሽ አጥሮኝ። «እሱ ነው! ራሱ ነው የቆለፈው! ቁልፉ ኪሱ ነበር፣ አሁን በአፉ ነገረኝ!»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር ይመስለኛል። ምን እንዳሰብኩ እኔም አላውቅም። ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ደርቋል።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ልወቅ ብዬ መሰለዎት እንዴ የመጣሁት? ሰው ይስማልኝ ብዬ ነው።»

«እኔ እመሰክራለሁ! ሰኞ ፍርድ ቤት ቆሜ፣ በመጽሐፍ ምዬ እመሰክራለሁ!»

«ፈርመዋል?» አለችኝ።

ዓይኔን ወደ ረዳቱ መለስኩ።

«ታዲያ ምን ብለው ነው የሚመሰክሩት?» አለች። ሁለቱ ሰዎች መጥተው ገቡና ረዳቱ በሩን ጎትቶ ዘጋ። ሞተሩ ተነሣ። እህቴ በትከሻዋ አሻግራ ረዳቱን ጠራችው። «ወንድሜ፣ ይህን መስኮት ዝጋልኝ፣ ብርዱ ገባ» አለችው። እጄን አወጣሁ። ዘጋላት።